ለፊኒሺንግ ሥራ የመጋዝ ዲስክ አመራረጥ፦ ያለ ስንጥርና ያለ ቃጠሎ ለመቁረጥ

የመጋዝ ዲስክ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ጥርስ እንዳለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ይቀድሙታል፦ የሚቆረጠው ምን ዓይነት እንጨት ነው? የሚቆረጠውስ በየት አቅጣጫ ነው? ባለ 80 ጥርስ ዲስክ ኮምፔንሳቶ ላይ ብርጭቆ ወረቀት እምብዛም የማይፈልግ ጠርዝ ያወጣል። በዚያው ዲስክ ወፍራም ደረቅ ጣውላ በርዝመቱ ቢሰነጥቁ ግን ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ጠርዙንም አጥቁሮ ይተወዋል።

ስለዚህ ከእንጨቱ ተነሥተን ወደ ዲስኩ እንሂድ። በአብዛኛው የማወራው የጠረጴዛ መጋዝ፣ የእጅ ሰርኩላርና የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ ስለሚጠቀሙበት ክብ ዲስክ ነው፤ ጂግሶና የእጅ መጋዝ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

1. ስንጥር ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

እንጨት ባንድ አቅጣጫ የተጋደሙ ረጃጅም ክሮች ስብስብ ነው፤ እርስ በርስ ያጣበቃቸው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ጣውላን በርዝመቱ ሲሰነጥቁ የመጋዙ ጥርስ እንደ መሮ ከክሮቹ መካከል ረዘም ያለ ቅራፊ እያነሳ ይሄዳል። በአግድሙ ሲቆርጡ ግን እያንዳንዱ ክር መበጠስ አለበት። ክሩ አስቀድሞ ግራና ቀኙ በስለት ካልተቆረጠ፣ ጥርሱ ሲመታው ከጎኑ ያለውን ክር ይዞ ይነሳል። ስንጥር የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ጥርሱ የሚወጣበት ፊትም ወሳኝ ነው። ጥርሱ ወደ እንጨቱ ሲገባ ከክሩ ኋላ ሌላ እንጨት ስላለ ክሩ ተደግፎ ይቆረጣል። በሌላኛው ፊት ሲወጣ ግን የመጨረሻዎቹን ክሮች የሚደግፋቸው የለም፤ ከመቆረጥ ይልቅ ወደ ውጭ ተገፍተው ይገነጠላሉ። ጥሩ ዲስክ መምረጥ ማለት ክሩን ሳይገፋ የሚቆርጥ ጥርስ መፈለግ ነው። ጥሩ አቆራረጥ ደግሞ ጥርሱ በሚወጣበት በኩል ለክሩ ድጋፍ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ምክር በሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

2. የሚቆረጠውንና የቆረጣውን አቅጣጫ ይለዩ

ወጥ እንጨት በርዝመቱ የሚሰነጠቅ ከሆነ ስንጥር ብዙም አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ቃጠሎ ነው። የሚወጣው ቅራፊ ረጅም ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከጠበበ ሰጋቱራው መውጫ አጥቶ አብሮ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ እንጨቱንም ያቃጥላል። ወጥ እንጨት በአግድሙ ሲቆረጥ ግን ሰጋቱራው ደቃቅ ስለሆነ ክፍተቱ ቢጠብም ግድ የለም። የሚያስፈልገው ክሩን ግራና ቀኝ የሚቆርጥ ሹል ጫፍ ነው።

ኮምፔንሳቶ ንጣፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆኑ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆርጡት ከንጣፎቹ ከፊሉ በአግድማቸው መቆረጣቸው አይቀርም። የፊቱ ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ ስለሆነ በትንሽ ግፊት ይላጣል። የፊቱ ክር ከቆረጣው መስመር ጋር ሲሻገር በተለይ ይጠንቀቁ፤ የሚያምር ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ሜላሚን የለበሰ ቺፑድ ሌላ ባሕርይ አለው። ችግሩ ከክር ሳይሆን ከልባሱ ነው፤ ልባሱ ደረቅና ተሰባሪ ሲሆን ብዙ ጊዜ በሁለቱም ፊት ላይ አለ፤ አንዱን ፊት ብቻ ማዳን አይበቃም። ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ክር በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ስንጥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ስለትን ቶሎ ይበላል፤ የዶለዶመ ዲስክም ጠርዙን ጸጉራም ያደርገዋል።

3. የጥርሱን ቅርጽ ይምረጡ

ዲስኩን ወደ ዓይንዎ አቅርበው ጥርሶቹን ከፊት ለፊት፣ ማለትም እንጨቱ በሚያያቸው በኩል ይመልከቱ። ብዛታቸውን ከመቁጠርዎ በፊት የአናታቸውን አሞራረድ ያስተውሉ። ለጠራ ቆረጣ ከብዛቱ በላይ የሚወስነው ይህ ነው።

አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጥርስ በካታሎግ ላይ «ኤፍቲጂ» ተብሎ ይጻፋል። ጠንካራ ነው፣ ስለቱ ይቆያል፣ በርዝመት ለመሰንጠቅ የተሠራ ነው። ቦይ ሲቆፍሩበትም የቦዩ ወለል ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። በአግድም ቆረጣ ላይ ግን የክሩን ግራና ቀኝ አስቀድሞ የሚቆርጥ ጫፍ ስለሌለው ይገነጥላል።

አንዱ ጥርስ አናቱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ተዘንብሎ የተሞረደ ከሆነ «ኤቲቢ» ይባላል። በእያንዳንዱ ጥርስ ውጫዊ ጎን ላይ አንድ ሹል ጫፍ አለ፤ ክሩን መጀመሪያ የሚያገኘው ያ ጫፍ ነው። አንዱ ግራውን፣ ቀጣዩ ቀኙን ቆርጦ መሃል የቀረው ተጠርጎ ይወጣል። የአናቱ ዝንባሌ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ወጥ እንጨት በአግድሙ ለመቁረጥም ሆነ ለኮምፔንሳቶ አስተማማኙ ምርጫ ይህ ነው፤ የእንጨት ሥራ ፊኒሺንግ ዲስኮችም አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ዝንባሌው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ ጫፉ እጅግ ይሾላል፤ ስስ ልባስና የሜላሚን ፊት ሳይሸርፍ ይቆርጣል። የሾለ ጫፍ ግን ሥጋ የለውም፣ ቶሎ ይዶለዱማል። ብዙ ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚቆርጥ ሰው ይህንን ለሁሉም ሥራ ቢያውለው ያዝናል፤ ለሚታይ ፊት ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል።

«ቲሲጂ» የሚባለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥርሶችን ያፈራርቃል። አንደኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ማዕዘኖቹ የተገደፉ ነው፤ መሃሉን ይከፍታል። ተከታዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ግራና ቀኙን ያጸዳል። ሥራው ስለተከፋፈለ ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለሜላሚን፣ ለፎርማይካና ለኤምዲኤፍ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሜላሚን አልፎ አልፎ ለሚቆርጥ ከፍተኛ ዝንባሌ ያለውን፣ በየቀኑ ለሚቆርጥ ግን ቲሲጂን እመክራለሁ።

ከእነዚህ ሌላ ቅይጥ ዲስክ አለ፦ አራት ዘንባላ ጥርስ፣ ከዚያ አንድ ጠፍጣፋ፣ ከፊቱም ሰፋ ያለ ክፍተት። 250 ሚሊሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 50 ጥርስ ይሆናል። ሁለቱንም አቅጣጫ ይሠራል፤ ለአንዱ ብቻ የተሠራውን ያህል ግን አይጠራም።

4. አሁን ጥርሱን ይቁጠሩ

ብዛት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከዲያሜትሩ ጋር ነው የሚነበበው። 40 ጥርስ በትንሽ የእጅ ሰርኩላር ላይ የጠራ ቆረጣ ይሰጣል፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ግን መካከለኛ ነው። መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነሆ፦

- የእጅ ሰርኩላር፣ 185 ወይም 190 ሚሊሜትር፦ 24 ጥርስ ለሻካራ ሥራ፣ 40 ለፊኒሺንግ፣ 60 ለኮምፔንሳቶና ለሚታይ ጠርዝ።
- የጠረጴዛ መጋዝ፣ 250 ወይም 254 ሚሊሜትር፦ በርዝመት ለመሰንጠቅ 24 ወይም 30፣ ለሁሉም ሥራ ከ40 እስከ 50፣ በአግድም ለጠራ ቆረጣ ከ60 እስከ 80።
- የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ፦ 216 ሚሊሜትሩ ላይ ከ48 እስከ 60፣ 250ው ላይ ከ60 እስከ 80፣ 300ው ላይ ከ80 እስከ 100።

ብዙ ጥርስ ለምን እንደሚያቃጥል በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። መጋዙ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይዞራል፣ እርስዎ ደግሞ ጣውላውን በደቂቃ 4 ሜትር ይገፋሉ እንበል። በ24 ጥርስ ዲስክ በደቂቃ 96,000 ጥርስ ያልፋል፤ እያንዳንዱ 0.04 ሚሊሜትር ያህል ይበላል። በ80 ጥርስ ግን 320,000 ጥርስ ስለሚያልፍ ለአንዱ የሚደርሰው 0.0125 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቅራፊው እንዲህ ሲሳሳ ጠርዙ ይለሰልሳል። ወፍራም እንጨት ላይ ደርሰው ግፊቱ ከዚህ ሲዘገይ ግን ጥርሱ መብላቱን ትቶ ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ሙቀት፣ ሙቀቱ ቃጠሎ ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያ በአንድ ጊዜ እንጨቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ናቸው። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሲሆኑ መጋዙ ይስማማዋል። 254 ሚሊሜትር ዲስክ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ከጣውላው 5 ሚሊ ብቻ ከፍ ብሎ ቢወጣ፣ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ውስጥ ከ80ው ጥርስ አራት ያህሉ ይገኛሉ፤ ልኩ ነው። ጣውላው 50 ሚሊ ሲሆን ግን ከስምንት በላይ ይሆናሉ፤ ለዚህ ነው የሚጨሰው። እዚያው ጣውላ ላይ 24 ጥርስ ያለው ዲስክ ሁለት ተኩል ገደማ ያስገባል። ወፍራም እንጨት ጥቂት ጥርስ፣ ስስ ሰሌዳ ብዙ ጥርስ የሚባለው ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

አንድ ዲስክ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ባለ 40 ኤቲቢውን ወይም ባለ 50 ቅይጡን ይያዝ። ሁለት ከቻለ ግን ባለ 24 ጠፍጣፋና ባለ 60 ወይም 80 ዘንባላ ቢገዛ በጣም ይጠቀማል። ዲስክ መቀየር ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፤ የተቃጠለ ወይም የተገነጠለ ጠርዝ ማስተካከል ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጃል።

5. የጥርሱን የፊት ዝንባሌ ከማሽኑ ጋር ያስማሙ

ከዲስኩ መሃል ቀዳዳ እስከ ጥርሱ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር በሐሳብዎ ያስምሩ። የጥርሱ ፊት ከዚያ መስመር ወደ ፊት ካዘነበለ ዝንባሌው ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ኔጋቲቭ። 20 ዲግሪ ፖዘቲቭ የሆነ ጥርስ እንጨቱን እየጎተተ በፍጥነት ይበላል፤ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ በርዝመት ለመሰንጠቅ ይመቻል። ለአግድም ቆረጣ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ያለው የተሻለ ይጠራል።

ተንሸራታች የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እዚያ ዲስኩ ነው ወደ እንጨቱ የሚሄደው፤ ጥርሱ ከመጠን በላይ ፖዘቲቭ ከሆነ እንጨቱ ላይ ይወጣና ራሱን ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ ቆረጣውን ያበላሻል፣ ለእጅም አደገኛ ነው። ለዚህ ማሽን ከኔጋቲቭ 5 እስከ ፖዘቲቭ 5 ዲግሪ ያለውን ይምረጡ። ጥሩ ዲስክ ተገኘ ብሎ የጠረጴዛውን መጋዝ ዲስክ እዚህ ላይ መግጠም አይገባም፤ ቀዳዳው ቢገጥምም።

6. የቆረጣ ስፋት

የተለመደው ሙሉ ስፋት 3.2 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀጭኑ ጥቂት እንጨት ስለሚያነሳ ጉልበቱ አነስተኛ ለሆነ ሞተር ይቀለዋል፤ በባትሪ ለሚሠራ መጋዝ ሁልጊዜ ቀጭኑን እመርጣለሁ። ድክመቱ ገላው ስለሚሳሳ ወፍራምና ጠንካራ እንጨት ላይ ሊርገበገብ መቻሉ ነው፤ ሲርገበገብ ጠርዙ ላይ የጥርስ ጭረት ይተዋል።

በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ከዲስኩ ኋላ የሚቆመውን መለያያ ቢላ ውፍረት ሳይለኩ ቀጭን ዲስክ አይግዙ። ቢላው ከዲስኩ ገላ የወፈረ፣ ከቆረጣው ስፋት ግን የቀጠነ መሆን አለበት። ከቆረጣው ከወፈረ እንጨቱ መሃል ላይ ይያዛል፤ ከገላው ከቀጠነ ደግሞ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ የመከላከል ሥራውን በሚገባ አይሠራም።

7. ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

«250 × 3.2/2.2 × 30 ዜድ 80» የሚል ጽሑፍ ሲያገኙ ዲያሜትሩ 250፣ የቆረጣው ስፋት 3.2፣ የገላው ውፍረት 2.2፣ የመሃል ቀዳዳው 30 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 80 ነው ማለት ነው። «ኤችደብሊው» የሚለው ምልክት ጥርሱ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ መሆኑን ያሳያል። ለፊኒሺንግ ሥራ ከዚህ ውጭ መፈለግ ትርፍ የለውም፤ ተራ የብረት ጥርስ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ላይ ወዲያው ይዶለዱማል።

የመሃል ቀዳዳው ከማሽኑ ዘንግ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ 30፣ 25.4፣ 20፣ 16 እና 15.88 ሚሊሜትር በብዛት ይገኛሉ። 16 እና 15.88 ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለዘንግ ግን አንድ አይደሉም። ቀዳዳን በሞረድ ማስፋት የሚባል ነገር ፈጽሞ አይሞከር፤ ዲስኩ ከመሃሉ ከወጣ ይወዛወዛል። የተጻፈው ከፍተኛ የደቂቃ ዙርም ከማሽኑ ዙር መብለጥ አለበት። ከማሽኑ ያነሰ ከሆነ ዲስኩን ይመልሱት።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር በእጅዎ ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ካርባይዱ ገላው ላይ የተበየደበት ቦታ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ እንዳይኖረው። ሁለተኛ፣ ካርባይዱ ወፈር ያለ እንዲሆን፤ ስስ ካርባይድ አንድ ሁለቴ ተሞርዶ ያልቃል። ገላው ላይ በሌዘር የተቀደዱ ጠባብ መስመሮች ካሉ ጥሩ ነው፤ ብረቱ ሲግል መስፊያ ስለሚያገኝ አይጣመምም፣ ጩኸቱም ይቀንሳል።

8. ሲገጥሙ

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ የባትሪ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ። በአብዛኞቹ ሰርኩላር መጋዞች ዳዶው የሚፈታው ዲስኩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የዲስኩን ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር ያገጣጥሙ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ፦ ዲስኩን የሚይዙትን ሁለት ሮንዴላዎች በጨርቅ መጥረግ። ሮንዴላው 50 ሚሊ ሰፍቶ ጠርዙ ላይ 0.1 ሚሊሜትር የሚያህል ሰጋቱራ ወይም ሙጫ ቢኖር፣ 250 ሚሊ ዲስክ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ውዝዋዜው 0.5 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ጥሩ ዲስክ ገዝተው ጭረት አልጠፋ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት የጎን መምሪያም ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑን ይለኩ፤ የኋላ ጫፉ ወደ ዲስኩ ከጠበበ እንጨቱ ከኋላ ጥርሶች ጋር ይፋተግና ይቃጠላል፣ ወደ እርስዎም ሊወረወር ይችላል።

9. ክሩ በሚወጣበት በኩል ድጋፍ ይስጡት

የትኛው ፊት ወደ ላይ ይሁን የሚለው በማሽኑ ይወሰናል። በጠረጴዛ መጋዝ ጥርሶቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚቆርጡ ስንጥሩ ከታች ይወጣል፤ የሚታየው ፊት ወደ ላይ ይሁን። የእጅ ሰርኩላር ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚታየው ፊት ወደ ታች ይጋደም። በማዕዘን መቁረጫ መጋዝ የሚታየው ፊት ወደ ላይ ይሆናል፤ ስንጥሩ ከታችና ከኋላ፣ እንጨቱ የማሽኑን የኋላ መደገፊያ በሚነካው በኩል ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ድጋፉ። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ዲስኩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ሳህን ብዙ ጊዜ ሰፊ ክፍተት አለው፤ እንጨቱ በዚያ ክፍተት ላይ አየር ላይ ነው። ከኤምዲኤፍ ወይም ከኮምፔንሳቶ ያንኑ የሚያህል ሳህን ይሥሩ፣ ዲስኩን ወደ ታች አውርደው በቦታው ያስሩት፣ የጎን መምሪያው ወይም ሌላ ጣውላ ከዲስኩ መስመር ውጭ ጠርዙን ይዞት ሳለ መጋዙን አስነሥተው ዲስኩን በዝግታ ያውጡት። ዲስኩ ራሱን የሚያህል ቀዳዳ ቆርጦ ይወጣል፤ ክሩም እስከ ጫፉ ድረስ ይደገፋል። ለማዕዘን መቁረጫው ደግሞ ከሥራው በታችና በኋላ ትርፍ ስስ ሰሌዳ ያድርጉ። ይህ አንድ ነገር ብቻ መካከለኛውን ዲስክ የጥሩውን ያህል ሊያስቆርጠው ይችላል።

የእጅ ሰርኩላር ላይ ከሥራው በታች ሙሉ ሰሌዳ አንጥፎ ሁለቱን አብሮ መቁረጥ ይረዳል። መስመሩን በስለታም ቢላና በስኳድራ አስቀድሞ መብጣት ከወረቀት ቴፕ ይበልጣል፤ ክሩ ዲስኩ ከመድረሱ በፊት ተቆርጧልና። ቴፑም አይናቅም፤ ሲነሳ ግን ወደ ቆረጣው ጠርዝ አቅጣጫ ይላጥ እንጂ ከጠርዙ ወደ ኋላ አይጎተት፤ አለዚያ ያዳነውን ክር ራሱ ይነቅለዋል።

የዲስኩ ከፍታም ይለካል። በጠረጴዛ መጋዝ ዲስኩ ብዙ ከፍ ሲል ጥርሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚመታ የታችኛውን ፊት ይገነጥላል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሜላሚን ላይ የላይኛው ፊት ሊሸረፍ ይችላል። ከእንጨቱ 5 ሚሊ ከፍ ከማለት ይጀምሩና እየሞከሩ ያስተካክሉ። ሜላሚን ከሁለቱም ፊት እንዲጠራ ከተፈለገ በሁለት ጊዜ መቁረጥ ያዋጣል፦ መጀመሪያ 2 ሚሊ ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ቦይ የታችኛው ፊት ላይ ያውጡ፣ ከዚያ መምሪያውን ሳያንቀሳቅሱ ዲስኩን ከፍ አድርገው ይጨርሱ። የፋብሪካ ትልልቅ የሰሌዳ መጋዞች ከዋናው ዲስክ ፊት ትንሽ ዲስክ የተገጠመላቸው ይህንኑ እንዲሠራላቸው ነው።

10. በትርፍራፊ ይሞክሩ፣ ጠርዙን ያንብቡ

ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ይቁረጡና ጠርዙን በብርሃን አግድም ይዘው ይመልከቱ። ጥቁር ጥላሸት ካለ ግፊቱ ዘግይቷል፣ ጥርሱ በዝቷል ወይም ዲስኩ ቆሽሿል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ቅስት ጭረቶች ካሉ ዲስኩ ይወዛወዛል፤ ወደ ሮንዴላዎቹ ይመለሱ። ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ የታችኛው ፊት ብቻ ከተሰነጠረ ዲስኩ ደህና ነው፣ የጎደለው ድጋፍ ነው። ሁለቱም ፊት ከተሰነጠረ ግን የጥርሱ ቅርጽ ለዕቃው አይስማማም ወይም ዶልዱሟል።

ስለቱን ለመመርመር ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ጥርሱ ላይ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ቀስ አድርገው ያስኪዱ። ስለታም ጥርስ ጥፍሩን ይፍቀዋል፣ ስስ ነጭ ብናኝም ያነሳል፤ የዶለዶመው ይንሸራተታል። በብርሃን ሲያዩት ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ስለቱ ክብ ሆኗል ማለት ነው፤ እውነተኛ ስለት ብርሃን አይመልስም።

ዶለዶመ ከማለትዎ በፊት ግን ይጠቡት። የእንጨት ሙጫ ከጥርሱ ጎን ተጣብቆ ሲደርቅ ስለታሙን ዲስክ እንደ ዶልዱም ያደርገዋል። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው በናይለን ብሩሽ ይፈትጉት፣ ወዲያው ያድርቁት። የሽቦ ብሩሽ ካርባይዱን ሊሸርፍ ይችላል፤ ጠንካራ የምድጃ ማጽጃ ኬሚካልም ይቅር። ማስሞረድ ሲያስፈልግ የመጀመሪያውን ማዕዘን ጠብቆ በማሽን ለሚሞርድ ይስጡ፤ ጥርሶቹ ካልተካከሉ ከፍ ያለው አንዱ ብቻ ይቆርጣል፣ ጭረቱም ይመለሳል።

ጂግሶና የእጅ መጋዝ

ጂግሶ ላይ ጥርሶቹ 2.5 ሚሊሜትር ያህል የተራራቁና ግራና ቀኝ ያልተጣመሙ ምላጭ ይምረጡ፤ «ቲ101ቢ» የሚለው ቁጥር ያለው እንዲህ ነው። ተራው ምላጭ ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚታየው ፊት ወደ ታች ይሁን። መስመሩ የግድ በሚታየው ፊት ላይ መሰመር ካለበት ጥርሱ ወደ ታች የሚያይ «ቲ101ቢአር» አለ፤ ሲቆርጥ ማሽኑን ወደ ላይ ስለሚገፋው አጥብቀው ይጫኑት። ምላጩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያወዛውዘውን መቆጣጠሪያ ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ ጥሩው ምላጭ ከመጥፎው አይለይም።

ለእጅ መጋዝ በአግድም ለመቁረጥ የተሞረደውን ይለዩ፤ ጥርሶቹ ከጎን ሲታዩ እንደ ቢላ የተሳሉ ናቸው። በኢንች ከ10 እስከ 14 ጥርስ ያለው ለአብዛኛው የሚታይ ቆረጣ ይበቃል፤ ለማያያዣ ሥራ ጀርባው በብረት የተጠናከረና ጥርሱ የበዛው ይሻላል። የጃፓን መጋዝ በመሳብ ስለሚቆርጥ ገላው ሊሳሳ ይችላል፤ ሲስቡት ይወጠራልና አይታጠፍም፣ የቆረጣው ስፋትም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። በቢላ ከበጡት መስመር በሚጣለው በኩል በመሮ ስስ ቅራፊ አንስተው ትንሽ ጎድጓዳ ያውጡ፤ መጋዙ ግድግዳ አግኝቶ ከመስመር ሳይወጣ ይጀምራል። ሊያልቅ የመጨረሻው ሦስትና አራት ሚሊሜትር ሲቀር የሚወድቀውን ቁራጭ በሌላ እጅዎ ይደግፉ፣ ክብደትዎንም ከመጋዙ ላይ ያንሱ።